ከፋኖስ እስከ ፕሮጀክተር፤ የብርሃን ሥዕል በኢትዮጵያ መማሪያ ክፍል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ከተማ ሲደርስ የፎገራ ሜዳ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። የሜዳው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎዳናው ወደ ሰሜን ቀጥሎ አዲስ ዘመን ከተማ ይደርሳል፤ በዚያም አቅራቢያ በተፈጥሮ ደኑ የታወቀው ጣራ ገዳም ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛል። እነዚህ ቁጥሮች የመልክዐ ምድር መምህርን እንጂ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ኃላፊን የሚመለከቱ አይመስሉም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየመማሪያ ክፍሉ የሚተከለውን የመልቲሚዲያ ፕሮጀክተር ከሚሠሩት ኩባንያዎች ብዙዎቹ፣ መሣሪያው ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ በሚሠራበት ጊዜ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ለከፍተኛ ቦታ በተመደበው ፍጥነት እንዲዞር በመመሪያ መጽሐፋቸው ያዝዛሉ። ምክንያቱም ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ከፎገራ ሜዳ እስከ ጣራ ገዳም ተዳፋት ድረስ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ እንዳለ ሊሠራበት የሚገባ አንድም ክፍል የለም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

ነገሩ ጥቃቅን ቢመስልም በብርሃን ሥዕል የማስተማርን ታሪክ ጠቅልሎ የያዘ ነው። መሣሪያው በየዘመኑ ከሩቅ አገር ተሠርቶ ይመጣል። የሚተከልበት ክፍል፣ የሚያንቀሳቅሰው ኃይልና የሚያዝዘው መምህር ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት በኋላ ነው። የቀድሞዎቹን መሣሪያዎች ዕድል መመርመር ዛሬ ፕሮጀክተር ለሚያከፋፍለው የትምህርት ዕቅድ ባለሙያም ሆነ ለሚረከበው መምህር የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥዕልና አንደበት

በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች በሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በናርጋ ሥላሴና በጎርጎራ ደብረ ሲና፣ የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ሥዕሉን በጨርቅ ላይ ሠርቶ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ የእመቤታችን ተአምራት፣ ሕማማትና ስቅለት በየረድፋቸው ተሥለው ይታያሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን መጻሕፍቱን የሚያነበው ከዚህ ግድግዳ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ብቻውን አያስተምርም፤ ካህኑ በመቋሚያው እያመለከተ ይተርካል፣ ሕፃኑ ሲጠይቅ ይመልሳል፣ የተረሳ ነገር ቢኖር ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳያል። የትምህርቱ ፍጥነት በተናጋሪው አንደበትና በአድማጩ ዐይን ይወሰናል እንጂ በሥዕሉ አይወሰንም።

ይህ ልማድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ተዘሎ የሚታለፍ ነው። ታሪኩ በመኪና ተጭኖ ከመጣው የፊልም ማሽን እንዲጀምር ይደረጋል። አጀማመሩ ግን በሥዕልና በተመልካች መካከል ሁልጊዜ ሰው የሚቆምበት ጠንካራ የማስተማር ልማድ እንደ ነበረ ያስረሳል፤ የኋለኞቹ መሣሪያዎች የተሳካላቸውና ያልተሳካላቸውም ይህን ሰው በያዙበት ወይም ባስወገዱበት መጠን ነው።

የፋኖሱ መንገድ

ደጁ በተዘጋ ጨለማ ቤት ውስጥ ፀሐይ በግድግዳው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ በውጭ የሚያልፈው ሰውና ከብት ተገልብጦ በማዶው ግድግዳ ላይ ይታያል። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ከላይ የመጣው ጨረር ከታች፣ ከታች የመጣው ከላይ ያርፋል። ይህን በ11ኛው ምዕተ ዓመት በምርምር ካስረዱት ሊቃውንት መካከል ዓረባዊው ኢብን አል ሀይተም ዋነኛው ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1659 መንገዱን ገልብጦ ብርሃኑን በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ከመብራቱ ፊት በመስተዋት ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ፊት ሌንስ፣ ከሌንሱ ፊት ነጭ ግድግዳ ሆነ። አታናሲየስ ኪርከር የተባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴም እ.ኤ.አ. በ1671 ባሳተመው መጽሐፍ የመሣሪያውን ሥዕል አውጥቶ ዝናውን አስፋፋ። የአስማት ፋኖስ የተባለው ይህ ነው።

ብርሃን፣ ሥዕል፣ ሌንስና ግድግዳ የተባሉት አራቱ ክፍሎች ዛሬም አልተለወጡም። በኋላ የተለወጠው የብርሃኑ ምንጭና የሥዕሉ ዓይነት ብቻ ነው። የፋኖሱ ሕግም እንዲሁ አልተለወጠም። መሣሪያው ከግድግዳው የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን የሥዕሉ ወርድና ቁመት እጥፍ፣ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ቦታ ስለሚበተን ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሥዕሉን ለማግዘፍ ሲሉ መሣሪያውን ወደ ኋላ የሚገፉ ሁሉ ይህን ዋጋ ይከፍላሉ።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ፋኖሱ ሳይሆን ሲኒማው ነው ማለት ይቻላል። ፊልም የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ለተከፈተው የሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት የሚል ስም ሰጠው። ስሙ ብዙ ጊዜ የኋላ ቀርነት ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ፍርዱ ግን የቸኮለ ነው። ሥዕልን ከካህን አንደበት ጋር ሲመለከት ለኖረ ሕዝብ፣ በጨለማ ውስጥ ተርጓሚ ሳይቆምለት የሚሮጥ ሥዕል እንግዳ መሆኑ ምን ያስደንቃል?

የ16 ሚሊሜትር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ከዋለ በኋላ የፊልም ማሽን ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሕዝብ መሰብሰቢያ መሄድ ቻለ። በኢትዮጵያም ከ1943 ዓ.ም. የቴክኒክ ትብብር ስምምነት በኋላ፣ ፖይንት ፎር ተብሎ በታወቀው የአሜሪካ ርዳታ ከተደገፉት ሥራዎች መካከል የመምህራን ሥልጠናና የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ዝግጅት ነበሩበት። ሆኖም የፊልም ማሽን በተራ መማሪያ ክፍል አልለመደም። ኤሌክትሪክ ወይም ጄኔሬተር፣ የጨለመ ክፍልና የሠለጠነ አንቀሳቃሽ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ባለ ድምፁ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል እያሳለፈ ስለሚሮጥ መምህሩ ቆም ብሎ ሊያስረዳበት አይመችም። በጨለማው ውስጥ የተማሪውን ፊት ማየት አይቻልም፤ የተማሪውን ፊት ማየት ያልቻለ መምህር ደግሞ መግባባት መኖሩን በምን ያውቃል?

ስለዚህ በመምህራን ዘንድ ይበልጥ የተወደዱት ቀለል ያሉት ነበሩ። ፊልም ስትሪፕና ስላይድ አንድ ሥዕል አቁመው ስለሚያሳዩ መምህሩ የፈለገውን ያህል ይናገርበታል፣ ሲጨርስም በእጁ ያዞረዋል። ከእነዚህም የሚልቀው ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለሥልጠና ሲገለገልበት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለትምህርት ቤት አቀረበው። ከመስተዋቱ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ሌንስ ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል በ1820ዎቹ ለባሕር መብራት ካዘጋጀው ሌንስ የተወሰደ ዘዴ ነው። የመሣሪያው ታላቅነት ግን ከሌንሱ አይደለም። መምህሩ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ እንዳደረገ፣ ክፍሉም ሳይጨልም፣ በትራንስፓረንሲው ላይ በእጁ እየጻፈ፣ ያልተደረሰበትን በወረቀት እየሸፈነ ማስተማር ይችላል። በ1965 ዓ.ም. ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመውን የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚን በመሰሉ የመምህራን ማሠልጠኛዎች የተማሩ ብዙዎች የሚያስታውሱት የብርሃን ሥዕል ይኸው ነው። መሣሪያው ካለ ኤሌክትሪክ የማይሠራ በመሆኑ ግን ሠልጣኙ ወደ ተመደበበት የገጠር ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው ትዝታውን ብቻ ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ፕሮግራም ቢጨመርበትም ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አልራቀም። ወደ ገጠር የደረሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔና በፊደል ገበታ ተካሂዶ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። የዘመኑ የአውራጃ ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላትም መርጃ መሣሪያን ከአካባቢ ቁሳቁስ መሥራትን ያበረታቱ ነበር። በሰው ብዛት ትልቁ የማስተማር ሥራ ያለ አንድ የብርሃን ሥዕል መከናወኑን መዘንጋት አይገባም።

ፕላዝማ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር ለየትምህርት ዓይነቱ የሚበቃ መምህርና ቤተ ሙከራ አልተገኘም። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት የተጀመረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጁ፤ በየክፍሉ ፕላዝማ ስክሪን በብረት ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ፤ መርሐ ግብሩም በስክሪኑ ስም ፕላዝማ ተባለ። በዚሁ ዓመት ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር ማምረት ማቆሙ አንድ ዘመን ሲያልፍ ሌላው መግባቱን የሚያሳይ ገጠመኝ ነው።

ለፕላዝማ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍትሕ አይሆንም። ማይክሮስኮፕ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የሕዋስን ክፍፍል፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት የኬሚካል ለውጥን በዐይኑ እንዲያይ አድርጓል። የወረታም ሆነ የአዲስ አበባ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያገኝ መታሰቡም በጎ ነበር። ችግሩ ያለው እዚሁ በጎ በተባለው ሐሳብ ውስጥ ነው። ከ40 ደቂቃ ገደማው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ስክሪኑ ወሰደ፤ ለመምህሩ በመግቢያና በማጠቃለያ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ተተወለት። ተማሪው መልመጃ እንዲሠራ በስክሪኑ ላይ ሴኮንድ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሲያልቅ የገባውም ያልገባውም አብሮ ይቀጥላል። የንግግሩ ፍጥነትና የእንግሊዝኛው አነጋገር ለብዙ ተማሪዎች ከበደ። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ሲመለስ ስክሪኑ ሌላ ርእስ ላይ ደርሶ ይገኛል። በሰኔና በመስከረም ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታ ድምፁ ጨርሶ አይሰማም። መምህሩም ማብሪያና ማጥፊያ ነክቶ ወደ ጥግ የሚቆም ሰው ወደ መሆን ተቃረበ።

እነዚህ ችግሮች በጊዜው በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግመው ተመልክተዋል፤ የሚሰጣቸው ማብራሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመብራት መቋረጥና የጥገና እጥረት ነው። መብራቱ ፈጽሞ ባይቋረጥ ኖሮ ፕላዝማው ይሳካ ነበርን? ይህን ለማመን ያስቸግራል። ፊልም ከመማሪያ ክፍል የራቀበት ምክንያት፣ ማለትም የትምህርቱ ፍጥነት ከመምህሩ እጅ መውጣቱ፣ በፕላዝማ በሰፋ መጠን ተደግሟል። በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የተገኘው ልምድ ለዕቅዱ ምክር ሊሆን ሲችል አልተጠየቀም።

የዛሬው መሣሪያና የፎገራ ክፍል

የመልቲሚዲያ ፕሮጀክተር የሁለት ግኝቶች ልጅ ነው። አንደኛው በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለገበያ የቀረበ ነው። በብዙዎቹ ነጩ ብርሃን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተከፍሎ በሦስት ትናንሽ መስተዋቶች ውስጥ ካለፈ በኋላ እንደገና ይቀላቀላል። ሁለተኛውን ላሪ ሆርንቤክ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያስገኘው ነው፤ ከጠጉር ውፍረት ያነሱ እጅግ ብዙ መስታዮች በአንዲት ቅንጣት ላይ ተደርድረው በሴኮንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየተገለባበጡ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይልካሉ ወይም ይመልሳሉ። ኮምፒዩተሩ ያዘጋጀው ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል በአንድ መሣሪያ ይቀርባል። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን መቆም መቻሉ ነው። መምህሩ ሥዕሉን ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ አጥፍቶም ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይዞራል። በዚህ ረገድ ዝምድናው ከፕላዝማ ይልቅ ከኦቨርሄድ፣ ምናልባትም ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር ነው።

ይህ ጠባይ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ክፍሉ ሲዘጋጅ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ጨለማው ነው። ፕሮጀክተር ብርሃንን እንጂ ጥቁርን ሊያሳርፍ አይችልም፤ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ስለዚህ የሥዕሉ ጥቁረት ከክፍሉ ጨለማ አይበልጥም። 3,000 ሉመን ብርሃን የሚሰጥ መሣሪያ 2 ሜትር ወርድና 1.5 ሜትር ቁመት ባለው ሥዕል ላይ 1,000 ሉክስ ያህል ያሳርፋል፤ ሥዕሉ ወደ 4 ሜትር ወርድ ቢለጠጥ 250 ሉክስ ብቻ ይቀረዋል። መስኮቱ ክፍት የሆነ ክፍል በቀን ብዙ መቶ ሉክስ የቀን ብርሃን ስለሚያገኝ ሁለተኛው ሥዕል ታጥቦ ይጠፋል። መድኃኒቱ ሥዕሉን አነስ አድርጎ በግድግዳው አቅራቢያ ያሉትን መስኮቶች ብቻ መጋረድ ነው። ክፍሉን በሙሉ ማጨለም ተማሪው ማስታወሻ እንዳይጽፍ፣ መምህሩም የተማሪውን ፊት እንዳያይ ያደርጋል። በኖራ የተቀባ፣ የማያብረቀርቅ ግድግዳ ከሆነ ስክሪን መግዛት ግድ አይደለም።

በተለመዱት ዓይነቶች ለ2 ሜትር ወርድ ሥዕል መሣሪያው ከግድግዳው ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ሌንሱ ግድግዳውን በቀጥታ መመልከት አለበት፤ ከታች ወደ ላይ ቀና ካለ ሥዕሉ ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠባል። መሣሪያው ይህን በራሱ ሊያቃና ቢችልም ሲያቃና ከሥዕሉ ጥራት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልኩ የሆነ ጠረጴዛ ይመረጣል። ከፊቱ ሥር መጽሐፍ መደርደር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ የአየር መግቢያውን ሲዘጋ መሣሪያው ይግላል። ከዚያም የከፍታው ትእዛዝ ይመጣል። በመሣሪያው ዝርዝር ማውጫ ውስጥ ገብቶ ማራገቢያውን ለከፍተኛ ቦታ ማዘጋጀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ፣ ጥቂት ደቂቃም የማይፈጅ ሥራ ነው።

በበጋ የፎገራ መረሬ አፈር ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የሚነሣው አቧራ ከጠመኔው ብናኝ ጋር ተዳምሮ የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ማጣሪያ ያላቸው ዓይነቶች በየሁለት ሳምንቱ እንኳ ቢጸዱ አይበዛባቸውም። የመብራት መቋረጥም ጉዳቱ ትምህርቱን ማቋረጡ ብቻ አይደለም። አምፖል ያለው መሣሪያ በትክክል ሲጠፋ ማራገቢያው አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይዞራል፤ ኃይሉ በድንገት ሲቋረጥ ግን ማራገቢያውም አብሮ ስለሚቆም ሙቀቱ በውስጡ ይቀራል፣ የአምፖሉም ዕድሜ ያጥራል። ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚይዝ ዩፒኤስ ከአንድ ምትክ አምፖል የረከሰ ሊሆን ይችላል። በኤልኢዲ ወይም በሌዘር የሚሠሩት አዳዲሶቹ ይህ ችግር እምብዛም ስለሌለባቸው፣ ግዢ በሚታቀድበት ጊዜ የመነሻው ዋጋ ብቻ መታየት አይኖርበትም።

ምን ይታይበት የሚለው ጥያቄ ደግሞ የመምህሩ ነው። ፎገራ ሩዝ አምራች ነው፤ ወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ለዚህ አካባቢ ልጅ የሩዝ ማሳን በፕሮጀክተር ማሳየት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ማሳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ አለ። የሩዙ አበባ በማጉያ መስተዋት ሲታይ ያለው ውስጣዊ ክፍል፣ የወባ ተውሳክ በደም ውስጥ የሚያልፍበት ደረጃ፣ ጣና ሐይቅ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ያለው መልክ ግን ያለ ብርሃን ሥዕል አይታዩም። የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ እንዳለ በግድግዳ ላይ ማሳረፍም ተማሪው በእጁ የያዘውን መልሶ ማሳየት ነው፤ ይህ ዓይነቱ አጠቃቀም መሣሪያው በገባባቸው ቦታዎች ሁሉ እየተለመደ መሄዱ ያሳስባል።

መሣሪያው የት ይቀመጥ የሚለውም የዕቅዱ አካል መሆን ይገባዋል። በጣሪያ ላይ የሚሰቀል ከሆነ የአንድ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ከአቧራም ማንም አያወርደውም። በንብረት ክፍል ተቆልፎ የሚኖር ከሆነ መምህሩ ቁልፍ ያዡን ሲፈልግ ክፍለ ጊዜው ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፣ የተጎዱም አሉ፤ ስለዚህ በእጅ ሊያዝ የሚችል፣ በትንሽ ኃይል የሚሠራ መሣሪያ መምረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ጉድኝት ማዕከል ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁለትና ሦስት መሣሪያ በመርሐ ግብር ሊገለገሉ ይችላሉ። ርክክቡ ሲፈጸም በሞዴል ላይ ከሚሰፍረው የመሣሪያ ቁጥር ጎን፣ መምህራኑ አበራሩንና አጠፋፉን፣ የማጣሪያውን አጸዳድና የከፍታውን ማስተካከያ በእጃቸው ሠርተው ማሳየታቸው ቢመዘገብ፣ የመመሪያው መጽሐፍም አስፈላጊ ገጾች በአማርኛ ተጽፈው ከመሣሪያው ቦርሳ ጋር ቢታሰሩ፣ ወጪው ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም።